«ሴት ምን ብታውቅ…» ከማለታችን በፊት



ውድ አንባብያን፣ ለዛሬው ጽሑፌ መነሻ የሆነኝ ከደቡብ ወሎ ገጠር የመጣልኝ አንድ ስልክ ነው። የደወለልኝ የታላቅ እህቴ ባል ነበር። ሰላምታውንና የዝናቡን፣ የከብቱን ወሬ ካዳረስን በኋላ ወደ ጉዳዩ ገባ። ልጁ የስምንተኛ ክፍል ፈተና ወስዳ ጥሩ ውጤት አምጥታለች። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ያለው ግን በእግር ሁለት ሰዓት በምታስኬደው ከተማ ነው። በዚሁ መሐል ሽማግሌ ተልኮ መጥቷል። ጠያቂዎቹ «ዲናቸውን የያዙ፣ መሬትና ከብት ያላቸው» ሰዎች ናቸው። «እንግዲህ አንተ የተማርክ ነህ፤ በጋዜጣም ትጽፋለህ። ምን ትላለህ?» አለኝ። ልጅቱ ገና 14 ዓመቷ ነው።

«አስቤበት ልደውልልህ» አልኩት። ማሰብ ያስፈለገኝ መልሱ ጠፍቶኝ አልነበረም። ይህ ጥያቄ በቤታችን ሲነሳ የመጀመሪያው ስላልሆነ ነው።

የዲግሪዬ ግማሽ

እኔና እህቴ ቁርኣን የጀመርነው በአንድ መድረሳ ነው። በሦስት ዓመት ትበልጠኛለች፤ ሐርፍ ያስቆጠረችኝም እሷ ናት። በመንግሥት ትምህርት ቤትም ከክፍሏ አንደኛ ትወጣ ነበር። በ1991 ዓ.ም. ሰባተኛ ክፍል ሳለች ግን አባታችን (አላህ ይዘንለት) «ከእንግዲህ ትልቅ ሰው ሆናለች፤ መንገዱም ይርቃል፤ ይበቃታል» አለና ከትምህርት ቤት አስቀራት። ያልተጻፈባቸው ሁለት ደብተሮቿ ለእኔ ተሰጡኝ። እውነቱን ለመናገር በዚያ ቀን የተሰማኝ ሐዘን አልነበረም፤ አዲስ ደብተር በማግኘቴ ደስ ብሎኝ ነበር። ለእሷ ረዘመ የተባለውን መንገድ ከጥቂት ዓመታት በኋላ እኔ ስመላለስበት ማንም ርዝመቱን አላነሳም።

በ1996 ዓ.ም. ያቺው ለሁለት ሰዓት መንገድ የተፈራላት ልጅ ብቻዋን አውሮፕላን ተሳፍራ ጂዳ ገባች፤ በሰው ቤት ሠራተኛነት ተቀጠረች። በየሁለት ወሩ የሚመጣው ሪያል ቤታችንን ቆርቆሮ አለበሰ፤ ለእኔም ጫማ፣ መጽሐፍና የዩኒቨርሲቲ ኪስ ገንዘብ ሆነ። በ2002 ዓ.ም. እኔ ተመረቅሁ፤ እሷም በዚያው ዓመት አገሯ ገብታ ተዳረች። ዲግሪዬ ላይ የተጻፈው ግን የእኔ ስም ብቻ ነው።

ይህን ሁሉ የማነሳው አባቴን ለመውቀስ አይደለም። የዘመኑን ሰው ሁሉ አሳብ የያዘ፣ ለልጆቹ የሚራራ አባት ነበር። የማነሳው ያ አሳብ ዛሬም በየቤታችን ስላለ፣ አልፎ ተርፎም የዲን ካባ ደርቦ ስለሚመጣ ነው። በመሆኑም አሳቡን በዲናችን፣ በታሪካችንና በአገራችን ሕግ ፊት አቁመን ልንመረምረው ይገባል።

ዲናችን ምን ይላል?

ለነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) የወረደው የመጀመሪያው ትእዛዝ ማንበብን የሚያዝ እንደነበር ከመድረሳ ልጅ ጀምሮ ሁላችንም የምናውቀው ነው። ዒልም መፈለግ በእያንዳንዱ ሙስሊም ላይ ግዴታ መሆኑን የሚናገረውን ሐዲስም ኢብን ማጃህ ዘግበውታል። አንዳንድ ሰዎች በሐዲሱ ውስጥ «ሙስሊም» የሚል እንጂ «ሙስሊማ» የሚል ቃል በትክክለኛው ዘገባ አለመኖሩን እንደ ማስረጃ ሲያቀርቡ ይሰማል። ይህ አነጋገር የሚያስኬድ አይደለም። ሰላትም፣ ጾምም፣ ዘካም የታዘዙት በዚሁ አነጋገር ነው። «ሙስሊም» ሲባል ሴቷ የማትካተት ከሆነ ሰላትም አይመለከታትም ማለት ይሆናል። ዑለማዎች ቃሉ ሁለቱንም ጾታ እንደሚጠቀልል የተናገሩት ለዚህ ነው።

በቡኻሪ የዒልም ምዕራፍ እንደተዘገበው ደግሞ በነቢዩ ዘመን የነበሩ ሴቶች ወንዶቹ ቦታውን እንደያዙባቸው ገልጸው ለእነሱ የተለየ ቀን እንዲሰጣቸው ጠየቁ፤ እሳቸውም ቀን ወስነው አስተማሯቸው። እዚህ ላይ ልብ ልንል የሚገባን ነገር አለ። ሴቶቹ ቦታ ሲጠባቸው የተሰጣቸው መልስ «ቤታችሁ ተቀመጡ» የሚል አልነበረም፤ ሌላ ቀን ተመቻቸላቸው። ለእናታችን ሐፍሷ (ረ.ዐ.) ጽሕፈት ያስተማረቻት አሽ-ሺፋእ ቢንት ዐብደላህ የምትባል ሴት መሆኗም በሱነን አቢ ዳውድ ተመልክቷል።

ስለ ሥራም ቢሆን እናታችን ኸዲጃ (ረ.ዐ.) በንግድ የታወቀች ነበረች። የኢብን መስዑድ ባለቤት ዘይነብ በእጅ ሥራዋ ባሏንና በእጇ ያሉ የቲሞችን ትረዳ ነበር፤ ነቢዩም እጥፍ አጅር እንዳላት ነግረዋታል። ሩፈይዳ አል-አስለሚያ በኸንደቅ ዘመቻ ጊዜ ቁስለኞችን የምታክምበት ድንኳን በመስጊድ ውስጥ ተተክሎላት ነበር። በሸሪዓ ሴት በላቧ ያገኘችው ገንዘብ የራሷ ነው፤ ቤት የማስተዳደር ግዴታው ደግሞ የባል ነው። እንግዲህ ዲናችን ለሴት ልጅ የሠራችበትን ገንዘብ አስከብሮላት ሳለ እኛ መሥራቷን ራሱን እንደ ነውር ስንቆጥረው ከየት አምጥተነው ነው?

ታሪካችንስ?

እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ከ2,200 በላይ ሐዲሶችን አስተላልፋለች፤ ታላላቅ ሰሐቦች የከበዳቸውን ጥያቄ ይዘው ይመጡባት ነበር። በ5ኛው የሂጅራ ክፍለ ዘመን ከሪማ አል-መርወዚያ በመካ ሶሒሕ አል-ቡኻሪን ታስተምር ነበር፤ ከተማሩባትም አንዱ አል-ኸጢብ አል-በግዳዲ ነው። የደማስቆው ኢብን ዐሳኪር ከ80 በላይ ሴት መምህራን ነበሩት። አስ-ሰኻዊ ስለ ዘመኑ ታዋቂ ሰዎች የጻፈውን ትልቅ ሥራ የመጨረሻ ጥራዝ ሙሉ በሙሉ ለሴቶች ሰጥቶ ከ1,000 በላይ ሴቶችን አስፍሮበታል። በፌዝ ከተማ የሚገኘው የቀረዊይን መስጊድና የትምህርት ማዕከል በ245 ዓመተ ሂጅራ (በ859 እ.ኤ.አ.) በወረሰችው ገንዘብ ያሠራችው ፋጢማ አል-ፊህሪ እንደነበረች ታሪኩ ይነግረናል።

ወደ ራሳችን አህጉር ስንመጣ በዛሬዋ ሰሜን ናይጄሪያ የሶኮቶው ሼኽ ዑስማን ዳን ፎዲዮ ልጅ ናና አስማኡ (ከ1793 እስከ 1864 እ.ኤ.አ.) አለችልን። የገጠር ሴቶች ወደ ከተማ መጥተው ለመማር እንደማይመቻቸው ባየች ጊዜ ሴት አስተማሪዎችን አሠልጥና ወደየመንደሩ መላክን ሥርዓት አደረገች። ኢንዶኔዥያ ውስጥ በፓዳንግ ፓንጃንግ ደግሞ ረሕማ አል-ዩኑሲያ የተባለች ወጣት በ1923 እ.ኤ.አ. የሴት ልጆች ትምህርት ቤት ከፈተች። በ1926 የመሬት መንቀጥቀጥ ትምህርት ቤቱን ሲያፈርሰው ገንዘብ አሰባስባ መልሳ ሠራችው። አል-አዝሀር ሥራዋን ተመልክቶ በ1957 የ«ሸይኻ» ማዕረግ ሰጣት። እሱ ራሱ ለሴቶች ኮሌጅ የከፈተው ከዚያ በኋላ በ1960ዎቹ መሆኑ ለብዙዎቻችን ትምህርት የሚሰጥ ነው።

በአንጻሩ በአፍጋኒስታን ከ2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ልጃገረዶች ከስድስተኛ ክፍል በላይ እንዳይማሩ ሲከለከሉ፣ በታኅሣሥ 2022 እ.ኤ.አ. ደግሞ የዩኒቨርሲቲ በር ሲዘጋባቸው የአል-አዝሀሩ ታላቁ ኢማም አሕመድ አጥ-ጠይብ ውሳኔው ከሸሪዓ ጋር የሚጋጭ መሆኑን በይፋ ተናግረዋል። ስለዚህ ሴት ልጅን ከትምህርት ማስቀረትን በኢስላም ስም የሚያቀርብ ሰው የሚጠቅሰው የራሱን ልማድ እንጂ የዑለማውን ቃል አይደለም።

የአገራችን ሕግ

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 35 ሴቶች ከወንዶች ጋር እኩል መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። በሥራ ቅጥር፣ በደረጃ እድገትና በእኩል ክፍያ ረገድም ያላቸውን መብት በግልጽ ያስቀምጣል፤ ካለፈው በደል የተነሳ ወደ ኋላ ስለቀሩም ተጨማሪ ድጋፍ እንደሚገባቸው ይናገራል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156 አሠሪዎች በጾታ ምክንያት እንዳያበላልጡ ይከለክላል። የወሊድ ፈቃድንም ከመውለድ በፊት 30፣ ከወለዱ በኋላ 90 ቀን አድርጎታል፤ በቀድሞው አዋጅ ከወለዱ በኋላ የሚሰጠው 60 ቀን ብቻ ነበር።

የቤተሰብ ሕጉም መታየት ያለበት ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንደኛው ተጋቢ የሌላውን ሥራ ለቤተሰቡ ጥቅም ሲል እንዲቃወም ይፈቅድ ነበር። ባል የቤተሰቡ ራስ ተብሎ በተደነገገበት በዚያ ሕግ ይህ ሥልጣን በተግባር የማን እንደነበር ግልጽ ነው። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ይህን አስቀረ፤ የጋብቻ ዕድሜንም ለሁለቱም ጾታ 18 አደረገ። የዓለም ባንክ ተመራማሪዎች ሕጉ ቀድሞ ሥራ ላይ የዋለባቸውን አካባቢዎች ከሌሎቹ ጋር አነጻጽረው፣ ቀድሞ በተተገበረበት ቦታ ሴቶች ከቤት ውጭ በሚሠራ፣ ዓመቱን ሙሉ በሚዘልቅና የተሻለ ሙያ በሚጠይቅ ሥራ ይበልጥ መሰማራታቸውን አግኝተዋል። ለአካለ መጠን ያልደረሰችን ልጅ ማግባት ደግሞ በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ በዋለው የወንጀል ሕግ በእስራት ያስቀጣል።

ሕጉ ይህን ይበል እንጂ ኑሮው ሌላ ነው። በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና ጤና ዳሰሳ ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆናቸው ሴቶች 48 በመቶው ምንም ትምህርት ያላገኙ ነበሩ፤ በዚሁ ዕድሜ ካሉ ወንዶች ግን 28 በመቶው ብቻ። ማንበብ የሚችሉት ከሴቶቹ 42፣ ከወንዶቹ 69 በመቶ ነበሩ።

በሁለት በር መሐል

ሙስሊም እህቶቻችን የሚያጋጥማቸው እንቅፋት ከሁለት ወገን የሚመጣ ነው። አንደኛው ከውጭ ነው። በ2017 ዓ.ም. በአክሱም ሒጃብ የለበሱ ተማሪዎች ከትምህርት ቤት ተከልክለው 159 ልጃገረዶች ለ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ሳይመዘገቡ መቅረታቸውን የትግራይ የእስልምና ጉዳዮች ምክር ቤት አስታውቆ ነበር። በጥር ወር መቀሌ ላይ ሰላማዊ ሰልፍ ተደረገ፤ ጉዳዩም ፍርድ ቤት ደረሰ። ከእኔ ጋር በሒሳብ አያያዝ የተመረቀች አንዲት እህት ደግሞ በአንድ መሥሪያ ቤት የጽሑፍ ፈተናውን በአንደኝነት ካለፈች በኋላ በቃለ መጠይቁ ላይ «ይሄን ነገር ሥራ ላይ ታወልቂዋለሽ አይደል?» ተብላ ተጠይቃ እንደነበር አጫውታኛለች። «አላወልቅም» አለች። ከዚያ በኋላ የደወለላት የለም።

ለ159ኙ እህቶቻችን ጮኸናል፤ መጮኻችንም ተገቢ ነበር። ነገር ግን ሁለተኛውን በር የምንዘጋው እኛው ራሳችን ነን። በትምህርት ቤት ዘበኛ ሳይሆን በገዛ አባቷና በገዛ ወንድሟ የቀረችው ልጅ በየቀበሌው ስንት ናት? ለእሷ ሰልፍ የሚወጣላት የለም። በስሟም መግለጫ አይወጣም። ሽማግሌ ይመጣል፣ ሰርግ ይደገሳል፣ በዚያው ይረሳል። ልጅቱ ግን ከትምህርት ገበታ መቅረቷ ከአክሱሟ ልጅ ጋር አንድ ነው።

ለሚነሱ ጥያቄዎች

«ተምራ የት ትደርሳለች? የጨረሱትም ሥራ አጥተው ተቀምጠዋል» የሚል አለ። በእርግጥ ትምህርታችን ታሟል። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ዳሩ ግን ፈተናው የጣለው ወንዱንም ነው። በዚህ ምክንያት ወንድ ልጁን ከስምንተኛ ክፍል ያስቀረ አባት አላየሁም።

«ወንድና ሴት ተቀላቅለው ነው የሚማሩት፤ ያለ መሕረምም ሩቅ መንገድ ነው» የሚሉ ወገኖች አሉ። ይህ ለዲን ከመጨነቅ የመጣ ስለሆነ ላቃልለው አልፈልግም። ነገር ግን ራሳችንን እንጠይቅ። ለሁለት ሰዓት መንገድ መሕረም ያሰብንላትን ልጅ ባሕር አሻግረን በማናውቀው ሰው ቤት፣ ፓስፖርቷ በሰው እጅ ሆኖ፣ ብቻዋን ስናስቀምጣት መሕረሙ የት ሄደ? በ2006 ዓ.ም. ከሳዑዲ ዓረቢያ ከ100 ሺህ በላይ ወገኖቻችን በጥቂት ወራት ተጠርዘው ሲመለሱ በአውሮፕላን ጣቢያ ከወረዱት መካከል ጤናቸውን አጥተው የመጡ እህቶች ነበሩ። ስለ መንገዱ የምንፈራ ከሆነ መንገዱን እናሳጥርላት፤ አብሯት የሚሄድ እንፈልግላት። ልጅቱን ማስቀረት መንገዱን አላሳጠረውም፤ ጂዳ ድረስ አረዘመው እንጂ።

«ሴት ምን ብታውቅ በወንድ ያልቅ» የሚል ተረትም አለን። የዚህ ተረት ባለቤቶች ሚስታቸው ስታምጥ ግን ጤና ጣቢያው በር ላይ ቆመው «ሴት ሐኪም የለችም ወይ?» ብለው ይጠይቃሉ። ያቺ ሴት ሐኪም ከየት ትምጣ? ሁላችንም የሰው ልጅ ተምራ እንድታዋልድልን እንፈልጋለን፤ የራሳችንን ልጅ ግን ከስምንተኛ ክፍል እናስቀራለን። አዋላጇ፣ ነርሷ፣ የሴቶች መምህርቷ፣ ለተበደለች ሴት የምትቆም ጠበቃዋ ከእኛ ቤት ካልወጡ ከየትም አይመጡም። ይህን ዑለማዎቻችን ፈርደ ኪፋያ ይሉታል፤ የሚሠራው ሰው ከጠፋ ወንጀሉ የሁላችንም ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ በየከተማው ያሉ የመስጊድ ኮሚቴዎች ከገጠር ለሚመጡ ሴት ተማሪዎች ማደሪያ ሊያመቻቹ ይችላሉ። አንድ ቤት፣ አንዲት የምትታመን እናት፣ ውሃና መብራት ነው የሚያስፈልገው። ለመስጊድ ምንጣፍ በየጁምዓው የሚያዋጣ ሕዝብ ለዚህ አያንስም። ወቅፍ ማለት ለሰላት የሚሆን ግድግዳ ብቻ እንዳልሆነ የቀረዊይን ታሪክ አሳይቶናል።

ሁለተኛ፣ ኒካሕ የሚያስሩ ኢማሞችና ቃዲዎች ልጅቱን ራሷን ሳይጠይቁ፣ ዕድሜዋንም ሳያረጋግጡ ባያስሩ። ሳትፈቅድ የተዳረች ሴት ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አቤት ባለች ጊዜ ጋብቻዋን እንደሻሩላት በቡኻሪ ተዘግቧል።

ሦስተኛ፣ የቴክኒክና ሙያ ሥልጠናን እንደ ወዳቂ ማረፊያ አንየው። ልጃችን ልብስ ስፌትም፣ ኤሌክትሪክም፣ ኮምፒዩተር ጥገናም ብትማር ሙያ ነው። እጇ ላይ ሙያ ያላት ሴት ባሏ ቢሞት ወይም ቢፈታት የሰው ደጅ አትጠናም።

አራተኛ፣ በአለባበሷ ምክንያት ሥራ የተነፈገች እህት ዝም አትበል። የተከለከለችበትን ምክንያት በጽሑፍ ትጠይቅ፣ ምስክር ትያዝ፣ ለሥራና ክህሎት ቢሮና ለፍርድ ቤት ታቅርብ። ሕግ ያወቁ ወንድሞችና እህቶችም በነፃ ያግዟት።

አምስተኛ፣ ይህ ለእኛ ለወንድሞች ነው። አብዛኞቻችን ለዚህ የበቃነው እህቶቻችን ውሃ ቀድተው፣ እንጨት ለቅመው፣ አንዳንዶቹም ባሕር ተሻግረው ነው። ለእነሱ ያልደረስንላቸውን ለልጆቻቸው እናድርስ።

በመጨረሻም

ለእህቴ ባል ከሁለት ቀን በኋላ ደወልኩለት። ከላይ የጻፍኩትን ነገር አጠር አድርጌ ነገርኩት። «ወንድሜ፣ ሽማግሌዎቹን አክብረህ መልሳቸው፤ ልጅቱ የእነሱም ኩራት ትሆናለች» አልኩት። ዝም ብሎ ሰማኝና «ወሬው መልካም ነው። ግን ቤት ኪራይ የሚከፍለው ጽሑፍህ ነው?» አለኝ። እውነቱን ነው። ከዚያ ስልኩን እህቴ ተቀበለችው። «እኔ የሰው ቤት ጠርጌ አንተን አስተማርኩ። አሁን ለልጄ የሚጠርግ ማን ነው?» አለችኝ። አላለቀሰችም፤ ቁጣም አልነበረባትም። መልስ ትጠብቅ ነበር።

የልጅቱን የከተማ ኪራይና ቀለብ ከዚህ መስከረም ጀምሮ እስከ 12ኛ ክፍል ድረስ እኔ እንድችል ተስማምተናል። ውለታ እንዳይመስላችሁ፤ ከሃያ ዓመት በላይ ያደረ ዕዳ ነው። አብራት የምታድር የጎረቤት ልጅም ተገኝታለች። ሽማግሌዎቹ ግን እስካሁን መልስ አልተሰጣቸውም፤ የልጅቱ አባት ገና እያመነታ ነው። እናንተም በዱዓችሁ አትርሱን። ይህን ጋዜጣ አንብባችሁ ስትጨርሱ ደግሞ በየቤታችሁ ስምንተኛ ክፍል የጨረሰች ልጅ ካለች የመስከረም ምዝገባ ሳያልፍ ጠይቋት።

ወላሁ አዕለም።

ወሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።